ከግራ ሦስተኛው ጉብታ፤ ሦስት ቀን በሰበታ፣ በቡራዩና በሱሉልታ

ማክሰኞ፣ ከጠዋቱ አንድ ሰዓት፤ ኮተቤ

አንድ ቦርሳ፣ አንድ አሮጌ ካርታ፣ አንድ ማስመሪያና ሁለት እርሳስ ይዤ ከቤት ወጣሁ። ባለቤቴ ፀዳለ በር ድረስ ሸኘችኝና፣ "ሰው ሁሉ መንገድ ተዘጋ ብሎ ቤቱ ሲቀመጥ፣ አንተ ደግሞ ዙሪያውን ልዙር ትላለህ?" አለችኝ። አልዋሽም፤ እኔም ፈርቻለሁ። መዲናዋን ያሰፋል በተባለው ማስተር ፕላን ላይ የተነሳው ተቃውሞ በአዲስ አበባ ዙሪያ ባሉት ከተሞች ከተቀጣጠለ ወዲህ ዛሬ የተከፈተው መንገድ ነገ ይዘጋል። ጉዳዬ ግን ለሳምንት የሚቆይ አልነበረም።

ምክንያቱን ልንገራችሁ። ከሠራዊቱ ከወጣሁ ቆይቻለሁ፤ አሁን በአንድ የመኮንኖች ማሠልጠኛ ሲቪል ሆኜ የማስተማሪያ ጽሑፍ አዘጋጃለሁ፤ አስተምራለሁም። ዘንድሮ የደረሰኝ ምዕራፍ፣ ምድር ጦርና አየር ኃይል ተናበው አንድን ዒላማ እንዴት እንደሚመቱ የሚያስረዳ ነው። ለምሳሌ እንዲሆነኝ የዛሬ ሃያ ዓመት ገደማ በሰሜን ግንባር እኔው የነበርኩበትን አንድ ውጊያ መረጥኩ።

ነገሩ እንዲህ ነው። አራት ጉብታዎች ከምዕራብ ወደ ምሥራቅ ተሰልፈዋል። እኛ በደቡብ በኩል ምሽግ ይዘን ፊታችንን ወደ ሰሜን አዙረናል። ጎህ ሲቀድ አንዱ ሻምበል ጦራችን ከግራ ሁለተኛውን ጉብታ ያዘ፤ ጠላት ሦስተኛው ላይ ነበር። እኔ መቶ አለቃና ታዛቢ መኮንን ነበርኩ፤ በመነጽር እያየሁ በራዲዮ ዒላማ እናገራለሁ። ሦስተኛው ጉብታ በመድፍም በአውሮፕላንም በአንድ ጊዜ እንዲመታ ጠየቅሁ። ያ ሁሉ እሳት በአንድ ደቂቃ ውስጥ ወረደ፤ ከፊሉ ግን የወረደው በወገን ላይ፣ ሁለተኛው ጉብታ ላይ ነበር። እግዚአብሔር ይመስገን ሰው አልሞተም፤ የቆሰለ ግን ነበር። ጥፋቱ የመድፈኛው አዛዥ የሻምበል ደገፋ ነው ተባለ። መድፋቸውን ተነጥቀው ዕቃ ግምጃ ቤት ተመደቡ፤ ጡረታ የወጡትም ከዚያው ነው።

ይህን ታሪክ ስንት ጊዜ አስተምሬዋለሁ መሰላችሁ! ባለፈው ሳምንት ግን አንዲት ሠልጣኝ መቶ አለቃ እጇን አወጣችና፣ "አውሮፕላኑ በየት በኩል ነው የመጣው?" ብላ ጠየቀችኝ። አላውቅማ! መድፈኛው ሪፖርቱን ለመድፈኛ አለቃው፣ አብራሪው ለአየር ኃይል አለቃው፣ እኔም ለእግረኛ አለቃዬ ጽፈን ነበር። ሦስቱ ወረቀቶች አንድ ጠረጴዛ ላይ ተቀምጠው አያውቁም።

ጽሑፉ ዓርብ ጠዋት ማተሚያ ቤት ይገባል። የማሠልጠኛው ኃላፊ የሆኑት ኮሎኔል አጭር መልስ ሰጡኝ፦ "እስከ ሐሙስ አሥር ሰዓት ማስረጃ ካመጣህ አስተካክላለሁ። ካላመጣህ 'በመድፈኛው ስህተት' የሚለው እንዳለ ይታተማል።" ከታተመ ደግሞ የሻምበል ደገፋ ጥፋት በየዓመቱ ለሚመጣው ሠልጣኝ ሁሉ ይነበባል ማለት ነው። ኢንተርኔት ስለተቋረጠ ደብተሮቹን ፎቶ አንስታችሁ ላኩልኝ ማለት አይቻልም። ስለዚህ እግሬን አነሳሁ።

ማክሰኞ፣ አራት ሰዓት፤ ሰበታ

ከመገናኛ ሜክሲኮ፣ ከሜክሲኮ አየር ጤና ያለ ችግር ደረስኩ። አየር ጤና ላይ ሰው እንደ ውኃ ፈሷል። አንድ ሚኒባስ ብቅ ሲል ረዳቱ፣ "ሰበታ በአሥራ አምስት! ዓለም ገና ወራጅ የለም!" ብሎ ጮኸ። አንዲት ነጠላ የለበሰች ሴት፣ "ትናንት በስምንት ብር አልነበር እንዴ?" ብትለው፣ "ትናንት ጎማ አልተቃጠለማ፣ እናቴ" ብሎ ዝም አሰኛት። ከፈልን፤ ምን እናደርጋለን።

ዓለም ገና ላይ ወርደን ተፈተሽን። ፖሊሱ ካርታዬን ዘርግቶ አየውና፣ "ይሄ የምን ካርታ ነው?" አለኝ። ማስተር ፕላን መስሎት ነው! የሰሜን ተራሮች መሆናቸውን እስካስረዳው ድረስ ሚኒባሱ ሙሉ ሰው በኔ ተናደደ። አስፋልቱ ላይ የጎማ ቃጠሎ ጥቁር ክብ ሠርቶ ይታያል፤ ሱቆቹ አንድ መዝጊያ ብቻ ከፍተዋል።

ሻምበል ደገፋ ከሰበታ ገበያ ጀርባ ችግኝ እያፈሉ ይኖራሉ። አቮካዶው፣ ቡናው፣ ግራቪሊያው በሲባጎ ተለክቶ በመስመር ቆሟል። መድፈኛ የተከለው መሆኑ ያስታውቃል።

"አካም ጅርቱ፣ ኦቦ ደገፋ?" አልኳቸው፤ የማውቃትን ኦሮምኛ ይዤ።

"ነጋ፣ ደህና ነኝ! አንተ ታምራት አይደለህም እንዴ? ያ መነጽር አንገቱ ላይ የማይጠፋው?"

ባለቤታቸው እትዬ አስካለ ጨጨብሳ በማር አቀረቡልኝ። የመጣሁበትን ስናገር ጎርሼ እንኳ አልጨረስኩም፤ ሻምበል ተነስተው ወደ ውስጥ ገቡ። ተቀየሙኝ ብዬ ሰጋሁ። ሲመለሱ ግን በላስቲክ የተጠቀለለ ደብተር ይዘዋል፤ የተኩስ መዝገባቸው ነው። ገጹን ሳይፈልጉ ከፈቱት።

"እየው። የሰጠኸኝ የካርታ ቁጥር ይኸውልህ። እኔ ቁጥር ካልሰጡኝ አልተኩስም ነበር፤ ታውቀኛለህ። ተቀብዬ መልሼ ደግሜልሃለሁ። እዚህ ላይ 'ተደግሟል' ብዬ ጽፌያለሁ።"

ካርታዬን መሬት ላይ ዘርግቼ በማስመሪያ ለካሁ። አንዴ ለካሁ፤ ደገምኩ። ቁጥሩ ያረፈው ሦስተኛው ጉብታ አናት ላይ ነው። ዝንፍ አላለም።

"ሻምበል፣ የእርስዎ ትክክል ነው!" አልኳቸው።

"እኔማ አውቃለሁ" አሉ ቀስ ብለው። "የሚያምነኝ ሰው ነው ያጣሁት።"

እትዬ አስካለ በነጠላቸው ጫፍ ዓይናቸውን ጠረጉ። አንጀቴን በሉት። ያኔ ግን አንድ ደብተር ብቻውን ምስክር እንደማይሆን አውቅ ነበር፤ ሰው መተኮስ የሚገባውን ጽፎ ሌላ ሊተኩስ ይችላልና። እሳቱን ሁለተኛው ላይ ማን እንዳወረደው ማሳየት ነበረብኝ። ደብተራቸውን በአደራ ተቀብዬ ስወጣ፣ ሻምበል አጥሩ ጋ ቆመው ወደ ችግኙ አመለከቱኝ።

"ይቺንም መሬት ከተማ ውስጥ ትገባለች ይሉናል። ካርታ የሚስል ሰው ስታገኝ፣ የት ቆሞ እንደሚያይ ጠይቅልኝ" አሉኝ።

ረቡዕ፣ ሦስት ሰዓት፤ ቡራዩ

አብራሪው የነበሩት ሻለቃ አበራ የሚኖሩት ከቡራዩ ወዲያ፣ ገፈርሳ ውኃ አጠገብ ነው። አስኮ ስደርስ ሚኒባሶቹ ሰልፍ ይዘው ቆመዋል፤ የሚሄድ ግን የለም። አንዱ ሹፌር፣ "እስከ መግቢያው አደርሳለሁ፤ ከዚያ ወዲያ በእግር ነው" አለ። እንዳለውም መግቢያው ላይ ድንጋይ ተደርድሮ ወጣቶች ቆመዋል። አንዱ ፊት ለፊቴ ቆሞ በትሕትና አነጋገረኝ።

"አባባ፣ በዚህ አያሳልፍም። በግራ ባለው የውስጥ መንገድ ይዙሩ።"

"ገለቶሚ" ብዬ አመስግኜ ግራዬን ይዤ ሄድኩ። መንገዱ እየጠበበ ሄዶ ባሕር ዛፍ የሚከመርበት ግቢ ውስጥ ከተተኝና አንድ ውሻ ሱሪዬን ሊቀድ ተነሳ። እንጨት የምታስር እናት ውሻውን አባረረችልኝና ወዴት እንደምሄድ ጠየቀችኝ። ወጣቱ ያለኝን ነገርኳት። ሳቋን መቆጣጠር አቃታት።

"ልጁ ፊቱን ወደ እርስዎ አዙሮ አይደል የቆመው? ግራ ያለው የራሱን ግራ ነዋ!"

እዚያው ግንዱ ላይ ቁጭ አልኩ። ቁጭ ብዬም በጣቴ አሸዋው ላይ አራት ክብ ሳልኩ። ከእኔ ግራ ሦስተኛው፣ ከማዶ ፊቱን ወደ እኔ አዙሮ ለሚመጣ ሰው ከግራ ሁለተኛው ነው። እሱ ከራሱ ግራ ሦስት ብሎ ከቆጠረ ደግሞ የሚያርፈው የኔ ሁለተኛ ላይ ነው። ወገን ላይ! ሴትዮዋ አሸዋ ላይ ስጽፍ አይታ ጤንነቴን ተጠራጠረች መሰለኝ፣ በአጥሩ ቀዳዳ አሻግራ አስፋልቱ ድረስ ሸኘችኝ።

ገፈርሳ የደረስኩት ሁለት ሰዓት ሙሉ ተጉዤ ነው። ሻለቃ አበራ በረንዳቸው ላይ ፀሐይ ይሞቃሉ። ቁመታቸው እንዳለ ነው፤ ፀጉራቸው ብቻ ነጥቷል። ውኃ አጠጥተውኝ አረፍ ካልኩ በኋላ ጥያቄዬን ወረወርኩ።

"ሻለቃ፣ የዚያን ቀን በየት በኩል ነበር የገቡት?"

"በሰሜን። በጀርባቸው ዞሬ ነው የገባሁት። ከጣልኩ በኋላ አፍንጫዬ ወደ ወገን እንዲሆን ነዋ! ብመታ እንኳ ወገን መሬት ላይ እወድቃለሁ።"

የበረራ መዝገባቸውን አመጡ። አቅጣጫው "ከሰሜን ወደ ደቡብ" ይላል። ሥሩ ላይ በቀይ እስክሪብቶ፣ "ዒላማ፦ ከግራ ሦስተኛው ጉብታ። ተመትቷል" ተብሎ ተጽፏል።

"ከማን ግራ?" አልኳቸው።

መነጽራቸውን አወለቁ። ካርታውን ወደ ራሳቸው አዞሩት፤ ከዚያ መልሰው ወደ እኔ አዞሩት። ውኃው ላይ ዳክዬዎች ሲንጫጩ ይሰማል።

"እኔ 'ተመትቷል' ብዬ ምሳዬን በላሁ" አሉ። "ሜዳሊያም ሰጡኝ። ሰውዬው ግን..."

"ሻምበል ደገፋ ይባላሉ። ሰበታ ናቸው።"

ደብተሩን ይነፍጉኛል ብዬ ነበር የፈራሁት። ቢነፍጉኝም አልፈርድባቸውም ነበር። እሳቸው ግን መዝገቡን ዘግተው ብብታቸው ሥር አደረጉትና፣ "ይሄ ደብተር ብቻውን አይሄድም። እኔም አብሬው እሄዳለሁ" አሉ። እውነቱን ልናገር፣ አጨበጨብኩ። ሽማግሌ መሆኔን ረስቼ አጨበጨብኩ!

ሌሊቱን ግን አንድ ነገር ከነከነኝ። እኔ ራሴ "ከግራ" ብዬ ይሆን? ወይስ እሳቸው አሳስተው ጽፈው? ለመድፈኛው ቁጥር መስጠቴን አስታውሳለሁ። ለአውሮፕላኑ ያልኩትን አላስታውስም። ስህተቱ የእሳቸው ቢሆን ደስ ይለኝ ነበር፤ ይህንን መደበቅ አልፈልግም።

ሐሙስ፣ ሦስት ሰዓት ተኩል፤ ሱሉልታ

ሻለቃ አበራ በማለዳ በነጭ ቮልሳቸው መጥተው አዲሱ ገበያ ላይ አነሱኝ። የጎጃም መንገድ የዚያን ቀን ክፍት ነበር። ቮልሷ ዳገቱን እያጓራች ወጣች፤ ሯጮች በጎናችን ሲያልፉን ሻለቃ ተናደዱ። "ድሮ ከድምፅ ፍጥነት ጋር ነበር የምወዳደረው፤ ዛሬ ሰው በእግሩ ቀደመኝ" እያሉ አሳቁኝ። ሜዳው አረንጓዴ ነው፤ ንፋሱ አጥንት ይገባል።

አሥር አለቃ ዘነበ ያን ቀን ሁለተኛው ጉብታ ላይ የነበረው የራዲዮ ሠራተኛ ነው። ግራ ክንዱ ያኔ ቆስሎ እንደታጠፈ ቀርቷል። አሁን ሱሉልታ ላይ ከገበሬ ወተት ተቀብሎ ለአዲስ አበባ ያከፋፍላል። ስንደርስ በአንድ እጁ ጣሳ እያነሳ ያንቆረቁራል።

"መቶ አለቃ! እርስዎ ነዎት?" አለኝ። እሱ እስከ ዛሬ ማዕረጌን ከፍ አላደረገውም።

ለእያንዳንዳችን አንድ አንድ ብርጭቆ ትኩስ ወተት ሰጠን። የሻምበል ደገፋን ስም ስጠራ ግን ፊቱ ጠቆረ።

"ያን ሰውዬ አያንሱብኝ። ከዓመታት በኋላ የአንድ ጓዳችን ቀብር ላይ መጥቶ እጁን ዘረጋልኝ። እኔ ይቺን ደህናዋን እጄን ኪሴ ከተትኳት። እንዲያው እንደ ዘረጋ ቀረ።"

"ዘነበ፣ የዚያን ቀን ደብተርህ አለህ? ዛሬ እስከ አሥር ሰዓት ለማሠልጠኛው ማስረጃ ማድረስ አለብኝ።"

ነበረው። ዝናብ ያበላሸው፣ ጠርዙ የተበላ የራዲዮ ደብተር። በመስመሩ የሚያልፈውን ንግግር ሁሉ የመጻፍ ልማድ ነበረው። መጨረሻው ገጽ ላይ፣ "መ/አ ታምራት ለመድፍ" ይልና ቁጥሩን ይጽፋል፤ ሰበታ ያየሁት ያው ቁጥር ነው። ከሥሩ፣ "መ/አ ታምራት ለአውሮፕላን፦ ከግራ ሦስተኛው ጉብታ።" ከዚያ በኋላ ገጹ ባዶ ነው። ጽፎ ያልቀጠለው በዚያው ደቂቃ ስለቆሰለ ነው።

ከራሴ አፍ የወጣ ቃል ነው። አብራሪው የት ቆሞ እንደሚያይ ሳልጠይቅ የራሴን ግራ የዓለም ሁሉ ግራ አድርጌዋለሁ። አብራሪው ደግሞ እንደ መድፈኛው መልሶ እንዲደግም ማንም አላስተማረውም፤ ቢደግምም ያንኑ ቃል ነበር የሚደግመው።

ሦስቱን ደብተር የወተት ጣሳ በሚቀመጥበት ጠረጴዛ ላይ ጎን ለጎን ዘረጋኋቸው። ካርታውን መካከል አደረግሁ። በእርሳስ የሁላችንንም ቦታ አሳየሁት፦ ሻምበል እዚህ፣ ሻለቃ በዚህ በኩል፣ እኔ እዚህ፣ አንተ እዚህ።

"ዘነበ፣ ያቆሰልኩህ እኔ ነኝ" አልኩት።

ዘነበ ካርታውን ወደ ራሱ ሳበው። "እኔም ሰምቼ ጽፌዋለሁ እኮ፣ መቶ አለቃ። የእርስዎም ግራ የእኔም ግራ አንድ ስለነበር ልክ መሰለኝ" አለ። ቀጥሎም ሽርጡን ፈታ። "ሰዓት ስንት ነው? አሥር ሰዓት አላሉም? ምን እናደርጋለን ታዲያ እዚህ!"

ሐሙስ፣ ዘጠኝ ሰዓት ከሃምሳ፤ ማሠልጠኛው

ስንመለስ መንገዱ አልቀናንም። ቁልቁለቱ መጨረሻ ላይ ፍተሻ ቆመን አራት ሰዓት ከምናምን ፈጀን። ዘነበ ከኋላ ወንበር ሆኖ በየአምስት ደቂቃው ሰዓት ይነግረናል፤ የራዲዮ ሠራተኛ መቼም ዝም አይልም። ግቢው በር ላይ ስንደርስ አሥር ደቂቃ ቀርቶን ነበር። ሦስት ሽማግሌ ደረጃውን ስንወጣ የዘቡ ዓይን ፈጠጠ።

ኮሎኔሉ ደብተሮቹን ተራ በተራ አነበቡ። ማስመሪያውን ራሳቸው ይዘው ለኩ። ከዚያ ቀይ እስክሪብቶ አንስተው "በመድፈኛው ስህተት" የሚለው ላይ ረጅም መስመር ሰረዙበት። ያ መስመር ሲሰመር የሰማሁት ድምፅ ከማርሽ ሙዚቃ ይበልጥብኛል።

"ታዲያ በማን ስህተት ልበል?" አሉኝ።

"'ታዛቢው መኮንን ለሁለቱ ክፍሎች በሁለት ዓይነት መንገድ ስለነገረ፣ ሦስቱም ስላልተናበቡ' ይበሉ። ታዛቢው ማን ነው ለሚል ስሜን ይጻፉለት።"

እዚያው ቁጭ ብለን አዲሱን ትምህርት ጻፍን። ግራና ቀኝ አይነገርም፤ ሰሜንና ደቡብ ይነገራል። ታዛቢው፣ መድፈኛውና አብራሪው አንድ ዓይነት ሥዕል ይይዛሉ። ዒላማ የተቀበለ ሰው ከቆመበት ሆኖ የሚያየውን መልሶ ይናገራል፤ ሦስቱ ንግግሮች ካልገጠሙ ማንም አይተኩስም። ሻለቃ አበራ አንድ ቃል አስጨመሩ፤ ዒላማው ከተመታ በኋላ የሁሉም ሪፖርት አንድ ጠረጴዛ ላይ ይነበባል የሚል።

ስንወጣ ደረጃው ላይ ቆመን ሰበታ ደወልኩ። የተቋረጠው ኢንተርኔት ነው እንጂ ስልክ ይሠራል። ሻምበል አነሱት። ዘነበ ስልኩን ከእጄ ወሰደው።

"ሻምበል፣ አሥር አለቃ ዘነበ ነኝ። ሁለተኛው ጉብታ ላይ የነበርኩት።"

ሁላችንም እንድንሰማ የስልኩን ድምፅ ከፍ አደረገው።

"የእርስዎ መድፍ አይደለም የመታኝ። የእርስዎ መድፍ ያረፈው ሦስተኛው ላይ ነው።"

ከዚያ የዱሮው የመድፈኛ ድምፅ መጣ።

"ድገመው።"

ዘነበ ደገመ። ሻለቃ አበራ ጠጋ ብለው፣ "ሻምበል፣ አበራ ነኝ፣ አብራሪው። ቦምቡ የኔ ነበር" አሉ።

"ተቀብያለሁ" አሉ ሻምበል። ወዲያው ስልኩን ራቅ አድርገው ሲጣሩ ሰማናቸው፦ "አስኩ! አስኩ፣ ኮቱ! ነይ እንጂ ቶሎ!" መልሰው ወደ እኛ፣ "እባካችሁ አንዴ ድገሙት። ባለቤቴ ትስማው" አሉን።

ሦስታችንም ደገምነው። ደረጃው ላይ፣ ሠልጣኞች እያዩን፣ እየጮኽን ደገምነው።

ሐሙስ፣ አሥራ ሁለት ሰዓት፤ ኮተቤ

ፀዳለ በሩን ከፍታ ጫማዬን አየችና፣ "አቧራ ልትሰበስብ ነው የሄድከው?" አለችኝ። ቁጭ ብዬ ሁሉንም ነገርኳት። ስጨርስ፣ "ይህን ሁሉ ዓመት መናበብ ስታስተምር፣ ሳትናበብ ነበር ማለት ነው" አለች። እውነቷን ነው። ሌላውን ከመውቀሴ በፊት እሱ ቆሞ ወደሚያይበት ቦታ መሄድ እንዳለብኝ የተማርኩት አሁን ነው፤ ያውም አንድ ውሻ አባሮኝ፣ አንዲት እናት ስቃብኝ። ቢሆንም ደረቴን ነፍቼ ነው የምጽፈው። ጥፋቴን አገኘሁት፤ የሻምበል ደገፋ ስም ግን ንጹሕ ሆኖ ነገ ማተሚያ ቤት ይገባል።

የሻምበልን ደብተር በአደራ ስለወሰድኩት ቅዳሜ መመለስ አለበት። እኔ እመልሰዋለሁ ስል ዘነበ እምቢ አለ። ሰበታ ድረስ ይዞት የሚሄደው እሱ ነው፤ በዚያች ኪሱ በከተታት እጁ። መንገዱ ቢዘጋስ ስለው፣ "በእግሬ እሄዳለኋ!" አለኝ።